አንድ ዕጣ በኮፍያ ውስጥ

በራችን ላይ የጭነት መኪና ከቆመ ከቤት መውጣት አይቻልም። ከፊት ለፊታችን መጋዘን አለ። አይሱዙው ጀርባውን ለመጋዘኑ፣ ጎኑን ለእኛ ሰጥቶ ይቆማል። በራችን ወደ ውጭ የሚከፈት ስለሆነ ከስንዝር በላይ አይሄድም። ተሸካሚዎቹ ቦንዳውን አራግፈው እስኪጨርሱ ድረስ ውስጥ ያለ ውስጥ፣ ውጭ ያለ ውጭ ይቀራል።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በዚህ እንሥቅ ነበር። ለምሳ ሲመጣ መኪና ቀድሞት ከቆመ፣ የገዛውን ዳቦ በበሩ ስንጥቅ ያቀብለኝና «እስረኛ፣ ስንቅ መጥቶልሻል» ይለኛል። እሱ ካረፈ በኋላ ሣቁ ቀርቶ እስሩ ብቻ ቀረ። መኪናው ሲቆም ቤቱ ይጨልማል። ያለችን አንዲት መስኮት በሩ አጠገብ ያለችው ናት፤ እሷንም ይጋርዳታል። ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ ተሸካሚዎቹ ሲጠራሩ፣ ቦንዳው መሬት ሲመታ እሰማለሁ፤ እያንዳንዱ ሲወድቅ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ።

ከመርካቶ መውጣት እፈልግ ነበር። በዚያ ዓመት ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ባለቤቴ ዱባይ ተራ ጫማ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ በዱባይ ተራ ደግሞ ጫማ ያልተሰቀለበት ግድግዳ የለም። የትም ዞሬ ባይ እሱ ነው። በየመታጠፊያው እሱን የሚያውቅ ሰው ያቆመኛል፣ እጄን ይዞ ያለቅሳል፣ ከዚያ እጄን ሳይለቅ ከደንበኛ ጋር ዋጋ ይከራከራል። ጎጃም በረንዳ ዘይት ልገዛ ወጥቼ ሳልገዛ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

ገንዘቡ የመጣው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

የድሮዎቹ የቆርቆሮ ሱቆች ሲፈርሱ ነጋዴዎቹ በአክሲዮን ሆነው ሕንፃ ማሠራት ጀመሩ። ባለቤቴ ድርሻውን ከምንበላው ላይ እየቀነሰ ይከፍል ነበር። እኔ አጉረመርማለሁ። እሱ ደግሞ «እኛ አንገባበትም፣ ልጆቹ ይገቡበታል» ይላል። ለቀልድ ነበር የሚለው። ግን ሕንፃው ሳያልቅ፣ አንድ ማለዳ የጊዜያዊ ሱቁን ቁልፍ እንደያዘ ወደቀና አልተነሣም። ሕንፃው ሲያልቅ ምድር ቤት ላይ፣ ደረጃው አጠገብ ያለው ሱቅ የእኛ ሆነ። ፍርድ ቤት ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ለሁለቱ ልጆች አለ፤ እኔን ሞግዚት አደረገኝ። የስልክ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ተከራየውና የዓመቱን ኪራይ አስቀድሞ ከፈለ። ባለቤቴ ዓመት ሙሉ ጫማ ሸጦ የማያገኘው ገንዘብ ነበር።

የባንኩ መልእክት ስልኬ ላይ ሲገባ ያነበበችው ትልቋ ልጄ ነች። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ዜሮዎቹን በጣቷ እየነካች አየቻቸውና ስልኩን ለወንድሟ ሰጠችው። እሱ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

«ሀብታም ሆንን ማለት ነው?» አለ።

 ምሳ ሽሮ ነበር፤ ሽሮውን በላን።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መጥቶ ስለ ልጆቹ መከረኝ። እሱም ነጋዴ ነው። የነጋዴ ልጅ ገንዘብን በእጁ ይዞ ነው የሚማረው አለ፤ ከደበቅሽባቸው ይሰርቁሻል፣ ከሰጠሻቸው ይጠግባሉ አለ። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ከድርሻቸው ላይ በየሳምንቱ ለሁለቱም እንድሰጣቸው ተስማማን። የሚሰጣቸውም ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ሴቷ የደረሳትን በሙሉ ፍራሿ ሥር ታስቀምጣለች። ከዚህ ይልቅ ያስጨነቀኝ አፏ ነበር። አንድ ቀን ቅቤ ገዝቼ ስገባ ሸተተችውና «ይሄ ካንቺ ድርሻ ነው ወይስ ከእኛ?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ ሳሙና ስገዛ እንኳ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። የገዛ ልጆቼ ቤት ተቀጥሬ የምሠራ መሰለኝ።

ወንዱ ደግሞ በተቃራኒው በእጁ የሚቀር ነገር የለም። የዱባይ ተራ ነጋዴዎች «ባለ ሕንፃው» ይሉት ጀመር። ድሮ አባቱን ሰላም ብለው እሱን ጭንቅላቱን ይነኩት ነበር፤ አሁን እሱን ጨብጠው ለእኔ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉልኛል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሩቅ አየሁት። እጁን ኪሱ ከቶ ይራመዳል፤ ከኋላው አንድ ሽበታም ተሸካሚ የልጁን የደብተር ቦርሳ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ ይከተለዋል። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ የባለቤቴን ጫማ ከአውቶቡስ ተራ ሲያመላልስ የኖረ ነው። እንዳየኝ አፈረ፤ ግን ሣቀ።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ልጁ አይከራከርም፣ መቶ ብር ብሎ ጠራኝ። ከቦንዳ ይቀላል።»

ልጄን ቤት ገብተን ተቆጣሁት። ያልገባው ነገር ቢኖር ለምን እንደተቆጣሁ ነበር። ሰውየው ብር እንደሚያስፈልገው፣ እሱ ብር እንዳለው ነገረኝ። 

የዕቁቡን ነገር ያወቅሁት ኮፍያው ሲጠፋ ነው።

ባለቤቴ የተራው ዕቁብ ዳኛ ነበር። ዕጣ የሚያወጣው ከራሱ ኮፍያ ውስጥ ነው፤ ግራጫ፣ ጠርዙ የላቡ ምልክት ያለበት ኮፍያ። ከሞተ በኋላ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ አላነሣሁትም ነበር። አንድ ቅዳሜ ሚስማሩ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ልጄንም አጣሁት። ስፈልግ ስፈልግ ከአዲሱ ሕንፃ ደረጃ ላይ ድምፁን ሰማሁ።

ልጆች ደረጃው ላይ ከላይ እስከ ታች ተቀምጠዋል። የነጋዴ ልጆች፣ የሕንፃው ዘበኛ ልጅ፣ ደረጃው ሥር ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ልጅ። የኔው መሐል ላይ ነው። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የኮፍያውን አፍ በመዳፉ ከድኖ ያናውጠዋል፤ ልክ እንደ አባቱ ዓይኑን ጨፍኖ «ለቸገረው ይውጣለት» ይላል። ታችኛው ደረጃ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቃሉ የአባቱ ነው፤ ድምፁ ብቻ ቀጭን ነው። ልቆጣው የመጣሁትን ትቼ፣ ሳያየኝ ተመለስኩ። ጨዋታ ነው ብዬ ነበር።

ጨዋታ የነበረው ድሮ ነው፤ ይህን ኋላ ነው የተረዳሁት። ልጆቹ ከዚያ በፊት ሃያ ሃያ ብር ይጥሉ ነበር። ልጄ ብር ሲያገኝ «ከመቶ በታች ዕቁብ አይደለም» ብሎ መቶ አደረገው። መቶ የሌለውን «እኔ እጥልልሃለሁ» ይለዋል። እየዋለ እያደረ ሁሉም መቶ የሌለው ሆነ። የነጋዴው ልጅም፣ የዘበኛውም ልጅ እጁን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ልጄ ከኪሱ አውጥቶ ኮፍያው ውስጥ ይጥልላቸዋል፤ ዕጣ ሲወጣላቸው ይወስዳሉ። የራሷን የምትጥለው የሻይ ሻጯ ልጅ ብቻ ነበረች። «ላንቺም ልጣልልሽ» ሲላት «እኔ እናት አለችኝ» ብላዋለች። እናትየው ከሻይዋ ላይ በየሳምንቱ መቶ ብር ትለይ ነበር፤ ዕጣው ሲወጣ ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ ገዝታ ላይኛው ፎቅ ድረስ ልትሸጥ። የልጅቷ ዕጣ ግን እምቢ አለ። ሳምንት ሳምንትን ወለደ፣ ሌላው ሁሉ ወሰደ፣ እሷ ቀረች።

የሳምንቱ ገንዘብ ለዚያ ሁሉ እንደማይበቃ ማሰብ ነበረብኝ። የነገረኝ ተከራዩ ነው። የውል ወረቀት ላስፈርመው ሱቁ ስገባ ወንበር አቀረበልኝ፣ ስለ ባለቤቴ ነፍስ ማረፍ ተናገረ፣ ከዚያ እግረ መንገዱን ልጁ የወሰደው ከሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ላይ እንደሚታሰብ፣ እንዳልቸገር ነገረኝ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣና «ከኪራዩ ላይ» ብሎ ይቀበለዋል። ተከራዩም ደስ ብሎት ይሰጠዋል። ክፋት አልነበረበትም፤ በመርካቶ የባለቤት ልጅ ብር ሲጠይቅ አይከለከልም።

የዚያን ቀን ሁሉንም ዘጋሁ። የተከራዩንም፣ የሳምንቱንም። ለሁለቱም ልጆች ለትራንስፖርትና ለዳቦ ብቻ እንደምሰጥ ነገርኳቸው። ሴቷ «እኔ ምን አደረግሁ?» አለች፤ እውነቷን ነበር። ወንዱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

እኔ ግን በልቤ ተደስቼ ነበር። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ቤት አግኝቻለሁ። ደላላው የወሰደኝ ከከተማው ዳር፣ ሁለት ክፍልና ትንሽ ግቢ ያለው ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ቆሜ የሰማሁት ነገር ቢኖር ዶሮ ነው። የበሩን መዝጊያ ከፈት ዘጋ አድርጌ ሞከርኩት፤ እስከ ዳር ድረስ ይከፈታል። ቀብድ ከፈልኩ። ትምህርት ሲዘጋ ልንገባ ነው። ትልቋ ልጄ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አውጥታ ለኔ የሰማይ ቀለም ያለው ቀሚስ ገዝታልኝ ነበር። ዓመቱ እያለፈ ነው፣ ጥቁሩን አውልቂ ስትለኝ፣ አዲሱ ቤት የገባን ቀን እለብሰዋለሁ አልኳት። ቀሚሱን ከነፌስታሉ ከአልጋው ሥር አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ከድርሻ ከምን አላለችም።

የመጨረሻው የፈተና ሳምንት ላይ መኪና በሩን ዘግቶ ቆሞ ነበር። ልጆቹም እኔም ቤት ውስጥ ነን። የሰው እጅ በሩን አንኳኳ። ስከፍተው እስከሚከፈትበት ድረስ ተከፈተ፤ በስንጥቁ የአንዲት ሴት ዓይንና የነጠላ ጠርዝ ታየኝ።

«እትዬ፣ እኔ ሻይ የማፈላው ነኝ፣ ከሕንፃው ሥር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሐዘንዎ ላይ ነው የመጣሁት።»

ግቢ ልላት አልችልም፣ ልወጣላትም አልችልም። ምን ልታዘዝ አልኳት።

«ልጄ ዕቁብ ጥላለች። ዕጣዋ ሳይወጣ ዕቁቡ ቆመ። ዳኛው ጠፋብን።»

«ዳኛው ማነው?»

«የእርስዎ ልጅ ነዋ።»

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁት። ጨለማው ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ነገሩን ከእሷ አፍ፣ በዚያች ስንጥቅ፣ ቁራጭ በቁራጭ ሰማሁት። አንዳንዴ ቦንዳ ሲወድቅ ታቋርጣለች፣ ደግማ ትቀጥላለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ቦርሳዬን አነሣሁና የልጅቷን ሙሉ ዕጣ አጥፌ በስንጥቁ አሳለፍኩላት። ዳቦ ይገባበት በነበረው በኩል። መልሳ ገፋችው።

«ይሄንማ አልወስድም።»

«ብርሽ እኮ ነው።»

«የኔ ብር እርስዎ ቦርሳ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አይቀየሙኝ እትዬ። ይሄን ይዤ ብሄድ ባሏ ከሞተባት ሴት ላይ ተቀበለች ይሉኛል። ልጄም ዕቁብ ሲበላ የሀብታም እናት ትከፍላለች ብላ ታድጋለች። ጋሼ ዳኛ በነበሩ ጊዜ የማን ሚስት ከፍላ ታውቃለች? እኔ ልጄን ያስገባኋት የእሳቸው ልጅ ነው ብዬ ነው። ዳኛው ያውጣላት።»

ብሩ እጄ ላይ ቀረ። እሷ ሄደች፤ እኛ መኪናው እስኪነሣ ተቀመጥን።

የባለቤቴ ወንድም ሲሰማ ሣቀ። ብሩን ለዘበኛው ስጪና ለልጅቷ ያድርስላት፣ ዕቃሽን ጭነሽ ሂጂ አለኝ። እኔም ይህንኑ ነበር የፈለግሁት። ልጄ ግን አልሄድም አለ። በለሆሳስ ነበር የተናገረው፣ ዓይኑንም አላነሣም።

«ዳኛ ዕቁቡ ሳያልቅ ሰፈር አይለቅም።»

የአባቱ አባባል ነው። ባለቤቴ በዚህ ምክንያት የእናቱን ቤት ሊጠይቅ እንኳ የማይሄድበት ጊዜ ነበር። አጎትየው ሣቁን ተወ። እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ የዳር ከተማውን ቤት በር ሲዘጋ የሰማሁት መሰለኝ።

ልጄ መጀመሪያ ብሩን እንዲመልሱለት ዕጣ የወሰዱት ልጆች ዘንድ ሄደ። የነጋዴው ልጅ «አንተው ነህ የጣልከው፣ እኔ ምን ጥዬ ምን ልክፈልህ?» አለው። የዘበኛው ልጅ ደግሞ ሰው ሰብስቦ «ኑ እዩ፣ ሚሊየነሩ ዕቁብ ይለምናል» አለበት። ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል። እኔ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጠየቀኝ፤

«እማዬ፣ ሰጥቻቸው ነበር ወይስ አበድሬያቸው?»

«አንተ ስትጥልላቸው ምን ብለህ ነበር?»

«ምንም አላልኩም። ዝም ብዬ ነው የጣልኩላቸው።»

«እንግዲያስ እነሱም ዝም ብለው ነው የወሰዱት» አልኩት።

ከዚያ የሻይ ሻጯ ዘንድ የሄደው ማንም ሳይልከው ነው። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም። ብቻ በማግስቱ፣ ክረምቱ ገና ሲገባ፣ ልጄን ደረጃው ላይ ሰባት ስምንት ብርጭቆ የተደረደረበት ሰሐን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ አገኘሁት። ምላሱን በጥርሱ ነክሷል። ሻይ ሻጯ ታች ታፈላለች፣ ልጅቷ ትቆጣጠራለች፣ እሱ ያደርሳል፣ ባዶውን ይሰበስባል። ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ ትንሽ ይታሰብለታል፤ ያ ቅዳሜ ኮፍያው ውስጥ ይገባል፣ አንድ ሙሉ ዕጣ እስኪሆን ድረስ።

ልጅቷ አትምረውም ነበር። «ባለ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ አራት ሻይ፣ አንዱ ያለ ስኳር። ያለ ስኳሩን ስኳር ላዘዘው ሰው እንዳትሰጥብኝ» ትለዋለች። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ሣቁ። በሕንፃው ውስጥ ድርሻ ያለው ልጅ ለተከራይ ሻይ ሲያመላልስ ማን አይሥቅም? እየቆየ ሣቁ ቀዘቀዘ፤ ሻዩን ማዘዝ ብቻ ቀጠሉ። የኛ ተከራይ ግን ነገሩ አሳፍሮት አንድ ቀን የሻዩን ዋጋ ሲከፍል መቶ ብር ጨመረለት። ልጄ ሮጦ ወርዶ አሳያት። ልጅቷ ብሩን በጣቷ ጫፍ ይዛ አየችው።

«ይሄ ያባትህ ኪራይ ነው። ውሰድና መልስ።»

መለሰ። በዚያው ሳምንት ሰሐኑ አዘንብሎበት ብርጭቆ ሰበረ። ማታ እራት ላይ ሲበላ ቆይቶ፣ አንድ ብርጭቆ ስንት ሻይ እንደሆነ ነገረን። እህቱ «አንድ ብርጭቆ አንድ ሻይ ነው» አለችው። «አይደለም» አለ። «የሰበርሽ ጊዜ አይደለም።» ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲያነሣ በሁለት እጁ ነው። ተሸካሚውንም አንዴ አብረን ስንሄድ አገኘነው፤ ሁለት ቦንዳ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ልጄ መንገድ ለቀቀለትና ቆሞ ከኋላው አየው። 

እኔ በዚያ ክረምት የሠራሁት ነገር የለም። መጠበቅ ብቻ ነው። የአዲሱ ቤት ባለቤት ደወለ፣ ሳምንት ለምኜ አገኘሁ። ደግሞ ደወለ፣ ደላላው ለመነልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ በሩ ላይ መኪና ሲቆም፣ የዶሮው ድምፅ ይመጣብኛል። ልጄን ጎትቼ መውሰድ እችል ነበር፤ እናቱ ነኝ። ግን በተራው ያለ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቃል። ስወጣ ስገባ «ዕቁቡ የት ደረሰ?» ይሉኛል። የባለቤቴን ስም ያነሣሉ፣ እሱ ቢኖር ብለው ይጀምራሉ። ዕቁቡን ጥዬ ብሄድ የምጥለው የእሱን ስም ነበር። አንድ ቀን ደላላው ደውሎ ቤቱ ለሌላ ሰው እንደተሰጠ፣ ቀብዱም እንደማይመለስ ነገረኝ። ስልኩን አስቀምጬ ጎመን መክተፌን ቀጠልኩ። ለልጆቹ የነገርኳቸው ከበሉ በኋላ ነው። ወንዱ «በኔ ነው?» አለ። አይደለም አልኩት። እህቱ ወደ አልጋው ሥር፣ ወደ ፌስታሉ አየች።

በየቅዳሜው ኮፍያው እየከበደ መጣ። መጨረሻ አካባቢ የዘበኛው ልጅ አሥር ብር ይዞ መጥቶ ማንንም ሳያይ ጣለ። በሚቀጥለውም መጣ።  የነጋዴው ልጅ አልመጣም።

ዕጣው የሞላው አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ነው። ልጄ ጠዋት መጥቶ ዛሬ እንድመጣ ለመነኝ። ሦስታችንም ሄድን። ልጆቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻይ ሻጯ ሥራዋን ትታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆማለች። ተከራዩም ከሱቁ በር ላይ ያያል። ኮፍያው ውስጥ ያለው አንድ ዕጣ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ወጥቷል፤ ማን እንደሚደርሰው የማያውቅ የለም። አንዱ ልጅ «ምን ታናውጠዋለህ፣ ስጣት» አለው። ልጄ አልሰማውም። የኮፍያውን አፍ በመዳፉ ከደነ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አባቱ እንደሚያደርገው ግራና ቀኝ አናወጠው። አንዲቷ ወረቀት ውስጡ ስትንኮሻኮሽ ከቆምኩበት ይሰማኛል።

«ለቸገረው ይውጣለት።»

ትንሽ ልጅ አውጥቶ አነበበው። ማንም አልሣቀም። ልጄ ብሩን በሁለት እጁ ሰጣት፤ ልጅቷ ለእናቷ አቀበለች። እናትየው ሳትቆጥር ጡቷ ሥር ከተተችውና ከሩቅ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። እኔም እጅ ነሣኋት።

አለቀ አልኩ በልቤ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት የማስበው ስለ ልጄ አልነበረም። ደላላው በዚያው ሳምንት ደውሎልኝ ሌላ ቤት እንዳለ፣ እሑድ እንደሚያሳየኝ ነግሮኛል። የእሑዱን ነገር እያሰብኩ ልንሄድ ስንል ልጅቷ ደረጃው ላይ ተነሥታ ቆመች።

«አዲስ ዕቁብ እንጀምራለን። ሃያ ሃያ ብር። ዳኛዋ እኔ ነኝ።»

«እኔም እጥላለሁ» አለ ልጄ።

«አንተ ዋስ አምጣ።»

ልጆቹ ሣቁ። ልጄ ራሱ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። «እኔ እኮ ከፍያለሁ» አላት።

«ከፍለሃል። ግን ልትሄዱ ነበር፣ ሰምተናል። ዋስህ ቤቱ የታወቀ፣ ሰፈር የማይለቅ ሰው መሆን አለበት። የአባትህም ሕግ እንደዛ ነበር፣ እናቴ ነግራኛለች።»

ልጄ ዞሮ አየኝ። ሁሉም አየኝ፤ ሻይ ሻጯም፣ ተከራዩም፣ ደረጃው ላይ የተሰለፉት ልጆችም። ኮፍያው እጁ ላይ ነው፣ ባዶ።

«እማዬ፣ ዋስ ትሆኚኛለሽ?»

ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ የደላላው ቁጥር ውስጡ። ከመስከረም ጀምሮ ሰው በሰው፣ ቅዳሜ በቅዳሜ፣ የመጨረሻው ዕጣ እስኪወጣ ድረስ ያለውን ጊዜ አሰብኩት። እሱ ካለቀ ሌላ ዕቁብ እንደሚጀመርም አወቅሁ። የባለቤቴ ሕይወት እንዲህ ነበር ያለፈው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተጀመረ፣ ሰው ከሰው እየታሰረ። እሱን ያልከበደው እኔን ለምን እንደሚያንቀኝ አላውቅም።

«እሺ» አልኩ።

«ጮክ ይበሉ» አለች ልጅቷ። «ሰው ይስማ።»

«እሺ፣ ዋሱ ነኝ።»

ወደ ቤት ስንመለስ አይሱዙው በራችን ላይ ቆሟል። ገና ሸራው እየተፈታ ነው። ከትናንት የቀረ ቦንዳ ላይ ሦስታችንም ተቀመጥን። ወንዱ ኮፍያውን ራሱ ላይ አደረገው፤ ሰፍቶት ጆሮው ላይ ወረደ። ደላላው እየደወለ ነበር፤ አላነሣሁትም። ትልቋ ልጄ ተሸካሚዎቹን ታያለች።

«ቀሚሱን አዲሱ ቤት ስንገባ ነበር የምትለብሺው» አለች። «እንግዲህ እዚሁ ልበሺዋ።»

«ልብሱ እውስጥ ነው» አልኳት።

በሩን አየን። ተሸካሚዎቹ የመጀመሪያውን ቦንዳ መሬት ላይ ጣሉት።